የክበባት ዘገባ፦ የኢኮኖሚክስ ክበብ እና ባለ ሦስት ቀለም ክር ካርታው

ዘንድሮ የኢኮኖሚክስ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ። የዓለምን ኢኮኖሚ የሚገፉትና የሚጎትቱት ነገሮች ምንድን ናቸው?

መጀመሪያ ላይ ልጆቹን በሦስት ከፈልኳቸው። አንዱ ቡድን ቴክኖሎጂን፣ ሁለተኛው ጂኦፖለቲካን (የአገሮችን ፉክክርና ጦርነት)፣ ሦስተኛው የአየር ንብረት ለውጥን ያዘ። ግድግዳው ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ሰቀልን። ለቴክኖሎጂ ሰማያዊ ክር፣ ለጂኦፖለቲካ ቀይ፣ ለአየር ንብረት አረንጓዴ ሰጠን። አንድ ቡድን ያጠናውን ሲያቀርብ ቦታው ላይ ክር ያስርና ነገሩ እስከነካው አገር ድረስ ይስበዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልከበዱንም። የቴክኖሎጂ ልጆች ከኮምፒውተር ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ ከኮንቴነር ጀመሩ። በኤፕሪል 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 ኮንቴነሮች ጭና ከአሜሪካ ኒውአርክ ወደ ሂውስተን ሄደች። ሐሳቡ የማልኮም ማክሊን ነበር፤ ሰውየው የጭነት መኪኖች ባለቤት ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ዕቃ በጆንያና በሳጥን፣ በሰው ጉልበት ነበር መርከብ ላይ የሚወጣው። ኮንቴነሩ የማጓጓዣ ወጪን በጣም አወረደው። ፋብሪካው ከገበያው በውቅያኖስ ተለይቶ መሥራት የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የጂኦፖለቲካ ልጆች ደግሞ ጥቁር ባሕር ላይ ክር አሰሩ። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ስትወር፣ ሁለቱ አገሮች በጋራ ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ስንዴ ከሩብ በላይ ያቀርቡ ነበር። ከጦርነቱ በጣም የራቁ አገሮች ላይ ሳይቀር ስንዴ ተወደደ። ቀዩ ክር በሳምንት ውስጥ አለቀ።

ነገሩ የተወሳሰበው ተራው ለአረንጓዴዎቹ ሲደርስ ነው። ፓናማ ቦይን ይዘው መጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዓመቱ ሁሉ የወደድኩት ክፍለ ጊዜ ይህ ነው። ብዙዎቻችን ቦይ ስንል ሁለት ባሕር የሚያገናኝ ቀጥ ያለ የውሃ መንገድ ይመስለናል። ፓናማ እንደዚያ አይደለም። መርከቧ ከባሕር ወለል 26 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለው ጋቱን ሐይቅ መውጣት አለባት። በር ያላቸው ትልልቅ ገንዳዎች በውሃ እየተሞሉ ደረጃ በደረጃ ያነሷታል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ያወርዷታል። ውሃው የሐይቁ ነው፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ። አንዲት መርከብ ባለፈች ቁጥር ወደ 200 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ ባሕር ይፈስሳል። ስለዚህ ቦዩ የሚሠራው በዝናብ ነው ማለት ይቻላል። በ2023 ዝናቡ ሲጠፋ ሐይቁ ወረደ። በደህናው ጊዜ በቀን 36 ያህል መርከቦች ያልፉ የነበረው፣ በ2024 መጀመሪያ 24 ብቻ ሆኑ። ወረፋው ረዘመ፤ ተራ በጨረታ የገዛ አንድ ድርጅት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ከፍሏል።

ይሄኔ ከቀዮቹ አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በዚያው ጊዜ እኮ ቀይ ባሕርም ተዘግቷል» አለች። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ግን ልክ ነበረች። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች እዚያ መርከቦችን ያጠቁ ነበር። ብዙዎቹ መርከቦች የስዊዝ ቦይን ትተው አፍሪካን ዞሩ፤ ጉዞው በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። አንዱን ቦይ ድርቅ ሲይዘው ሌላውን ጦርነት ያዘው። የመርከብ ድርጅቶች ሁለቱን ለያይተው አያዩም። እኛ ግን በቀለም ለይተናቸዋል።

ከዚያ በኋላ አከፋፈሌ ራሱ ያሳስበኝ ጀመር። ታይዋን ላይ ስንደርስ ስህተቱ በግልጽ ወጣ። የዓለም እጅግ የረቀቁ ቺፖች (ኮምፒውተርንና ስልክን የሚያሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) አብዛኞቹ የሚሠሩት እዚያች ደሴት ላይ ነው። ሰማያዊዎቹ ክራቸውን አሰሩ። ቻይና ደሴቲቱን የእኔ ናት ስለምትል፣ አሜሪካም በ2022 የረቀቁ ቺፖች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ስለከለከለች፣ ቀዮቹም አሰሩ። ቀጥሎ አረንጓዴዎቹ ተነሡ። በ2020 አንድም ታይፉን የታይዋንን ምድር አልረገጠም። ታይፉን አውሎ ነፋስ ነው፣ ግን ግድቦቹን የሚሞላው ዝናብም ከእሱ ጋር ይመጣል። በ2021 ደሴቲቱ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያላየችው ድርቅ ገባ። ቺፕ ሲሠራ ደጋግሞ የሚታጠበው እጅግ በጠራ ውሃ ነው። ፋብሪካዎቹ ውሃ በቦቴ አስመጡ፤ ለገበሬዎች የመስኖ ውሃ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ደግሞ የመኪና ፋብሪካዎች በቺፕ እጥረት ሥራ ያቆሙ ነበር። ሦስት ቀለም አንድ ነጥብ ላይ ታሰረ። ከዚያ ቀን በኋላ ቡድኖቹን አፈረስን።

በሁለተኛው መንፈቅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ክርክር አደረግን። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ጥናት፣ ከዓለም ሥራ 40 በመቶ ያህሉን ቴክኖሎጂው እንደሚነካው ይገምታል። በሀብታም አገሮች 60፣ በድሆቹ 26 በመቶ። ግማሹ ክፍል «ይነካዋል» የሚለውን «ያጠፋዋል» ብሎ ነበር ያነበበው። ሙሉ አንድ ሰዓት በዚህች ቃል ላይ ቆየን፤ የሚባክን ሰዓት አልነበረም። አንዳንዱን ሥራ ይቀማል፣ ሌላውን ያፋጥናል። «እንግዲያው ድሃ መሆን ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ነበር። ለዚህ መልስ የሰጠችው ከ9ኛ ክፍል የመጣች ትንሿ አባላችን ናት። ብዙም ያልነካው አገር ጥቅሙም ይቀርበታል አለች። የጥናቱም አንዱ ሥጋት እሱ ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ክበብ የሚደራጀው በዕቃ ነው። አንድ ቡድን አንድ ዕቃ ይይዛል፤ ከተገኘበት መሬት እስከ ገዢው እጅ ይከተለዋል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አልጠበቀም፤ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ስለ መዳብ የጻፈውን ይዞ መጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጁ መኪና የበለጠ መዳብ ይፈልጋል። ከዓለም ብዙ መዳብ የምታወጣው ቺሊ ናት። ትልቁ ማዕድን ማውጫ ኤስኮንዲዳ ያለው አታካማ በረሃ ውስጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የባሕር ውሃ ጨውነቱ ወጥቶለት በቧንቧ እዚያ ድረስ ይገፋል። ልጁ ካርታው ፊት ቆሞ የትኛውን ክር ላንሳ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱንም አቀበልኩት።