ዩሪያው ከመበተኑ በፊት አረሙ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር ስርጭትና በዘር ስለተሸፈነው መሬት ስፋት የምታወጧቸውን ዘገባዎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስለ አረም የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ሲጻፍም ይህን ያህል ሄክታር ታረመ ከማለት አያልፍም። መቼ ታረመ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። በአርሲ የስንዴ ቀበሌዎች ለብዙ ዓመታት በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት እንዳገለገለ ሰው፣ ምርቱን ከስፋቱ ይልቅ ቀኑ ይወስነዋል ብዬ ስለማምን ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ስንዴም ሆነ ጤፍ አረምን መቋቋም የሚያቅተው ገና ለጋ ሳለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርሃንና ምግብ የተሻሙት ቡቃያ ከሥሩ የሚያወጣቸው ተጨማሪ አገዳዎች ያንሳሉ፤ አገዳው ሲያንስ ዛላውም ያንሳል። ከዚያ ወዲያ አረሙ ቢነቀል ማሳው ያምር እንደሆነ እንጂ ያልወጣው ዛላ አይመለስም።

ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጤፍ ዘር፣ የበቆሎ ኩትኳቶና የስንዴ አረም በአንድ ላይ ይመጣሉ፤ ወንፈል ቢጠራም ጎረቤቱን የራሱ ማሳ ይጠብቀዋል። ደግሞም፣ በሪፖርት ላይ የሚጽፈው የለም እንጂ፣ አረሙ ከፍ ብሎ ለላም መኖ እንዲሆን ሆን ብሎ የሚያዘገየው ቤት ጥቂት አይደለም። የግጦሹ መሬት ታርሶ ባለቀበት አገር ይህ ሞኝነት ነው አልልም፤ ዋጋው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ ላይ ይከፈላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ዩሪያው ነው። አንድ ክረምት አጎቴ በውድ ዋጋ የገዛውን ዩሪያ፣ የቀን ሠራተኛ በማጣቱ፣ ሳያርም በጤፉ ላይ በተነው። ብዙም ሳይቆይ ማሳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ለመለመ፤ መንገደኛውም ያደንቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ በእጄ ስገልጠው ግን ያ ሁሉ ልምላሜ የሙጃና የእንግጫ ነበር፤ ጤፉ ከሥር ነጥቶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ተኝቷል። ማዳበሪያ ሰብሉን ከአረሙ አይለይም፤ ቀድሞ ሥር የሰደደው ይወስደዋል።

በመድኃኒት የሚመካም አለ። በስፋት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚያጠፋው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ነው፤ እንደ ሲናርና ሙጃ ያሉትን ሣር መሰሎች አይነካም። በየዓመቱ እሱን ብቻ የሚረጭ ማሳ ቀስ በቀስ ለሲናር ይለቀቃል። ሲናር ደግሞ በለጋነቱ ቁርጥ ስንዴ ነው፤ የሚለየው ቅጠሉ ከአገዳው በሚገናኝበት ቦታ ስንዴው አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ሲኖሩት ሲናሩ የሌሉት በመሆኑ ነው። ይህን ማሳ ላይ በጣት ማሳየት 5 ደቂቃ አይፈጅም፤ በአዳራሽ ሥልጠና ግን ሲማሩት አላየሁም። ያልተነቀለው ሲናር ስንዴው ሳይታጨድ ዘሩን አራግፎ ለከርሞ ይጠብቃል።

በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠው ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራ፣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐምራዊ አበባው ብቅ ሲል ከመሬት በታች በማሽላው ሥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው ተፈጽሟልና፣ ለእርሱ ዋናው መላ የሚቋቋም ዘር ነው፤ የማሽላ ተመራማሪውን ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን በ2009 እ.ኤ.አ. ለዓለም የምግብ ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ በሚላከው ሪፖርት ላይ ከታረመው ሄክታር ጎን፣ ሰብሉ በበቀለ በስንተኛው ቀን እንደታረመ የሚያሳይ ዓምድ ይጨመር፤ ባልታረመ ማሳ ላይ ዩሪያ እንዲበተንም ገበሬው አይገፋፋ። ዝግጅት ክፍላችሁም ወደ ገጠር ዘጋቢ ሲልክ ለዘር ቀን ብቻ ሳይሆን፣ አረሙ መታረም ላለበት፣ ሰብሉ ከበቀለ ለ25ኛው ቀንም ይላክልን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከአርሲ