ከካርታችሁ ላይ የጎደለው ቀስት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ እናት የዘር ሐረግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ከተማሪ እጅ ቀምቼ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ጋዜጣ ዘርግተው ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። ልቆጣ አፌን ስከፍት አንደኛው ቀደመኝና፣ «ቲቸር፣ ህንዶች ሁሉ የኛ ልጆች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ የዕለቱ ትምህርት ቀረ፤ ደወል እስኪደወል ስለ ጋዜጣችሁ ስናወራ ቆየን።

ጽሑፉን አልጠላሁትም። በአገራችን ጋዜጣ ከእናት ብቻ ስለሚወረሰው ስለ ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሙሉ ገጽ ሲጻፍ ብዙም አላጋጠመኝም። መደምደሚያው ግን ተገልብጧል። «ኤም» የተባለው የእናት ሐረግ በህንድ በብዛት ይገኛል፣ በኢትዮጵያም ይገኛል፣ ስለዚህ ከኢትዮጵያ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስያን ሞላ፤ ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው። ካርታው ላይም ከባብ ኤል መንደብ እስከ ህንድ የተዘረጋ አንድ ወፍራም ቀስት ተስሏል። እኔም አዲስ መምህር ሳለሁ ይህንኑ ቀስት ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ከሳሽ አይደለም።

በዚያ ቀን ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የሰጠኋቸው ሥራ አባት እየቆጠሩ ሰባት ቤት እንዲጽፉ ነበር። ከገጠር የመጡት ሳይጨነቁ ጻፉት፤ ለጋብቻ ዝምድና ሲቆጠር ሰምተው ያደጉ ናቸው። ቀጥዬ የእናታችሁን እናት፣ የእሷን እናት፣ የእሷንም እናት ጻፉ አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሦስተኛዋን በስም የጠራች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም አያቷ ዘንድ ያደገች ናት። ሚቶኮንድሪያ እንግዲህ እኛ ሳንይዘው የቀረነውን መዝገብ ነው የያዘልን።

አያያዙን ለማስረዳት የምጠቀምበት ምሳሌ የቁም ጸሐፊ ነው። አንድ ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል። ከእሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያቺን ስህተት ይዘው ይሄዳሉ፤ የየራሳቸውንም ይጨምሩባታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ብራናዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚመረምር ሊቅ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ የሚያውቀው በጋራ ስህተታቸው ነው። ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 16,569 ፊደል ያለው አጭር መጽሐፍ ነው። እናት ለወንድም ለሴትም ልጇ ትሰጠዋለች፤ ለተከታዩ ትውልድ የሚያደርሱት ግን ሴቶቹ ብቻ ናቸው። ወንዶች ብቻ የወለደች እናት መጽሐፏ ከልጆቿ ጋር ያበቃል። ኤም ማለት በ489ኛው፣ በ10400ኛው፣ በ14783ኛውና በ15043ኛው ፊደል ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ የያዙ ቅጂዎች ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ እናት ኤል3 ትባላለች። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ኤል3ን ከ70 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደተነሳች ያምናሉ። ከአፍሪካ ውጭ ያለው የቀድሞ ነዋሪ ሕዝብ በሙሉ ማለት ይቻላል በእናቱ በኩል ከኤል3 ሁለት ልጆች፣ ከኤም ወይም ከኤን፣ የሚወለድ ነው።

አሁን ወደ እስያ ልሂድ፤ ጽሑፋችሁ ሮጦ ያለፈው ዋናው ነገር እዚያ ነውና። በህንድ ከአሥር ሰው ስድስቱ ያህል የኤም ወገን ነው። ኤሙ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኤም2፣ ኤም3፣ ኤም4፣ ኤም5፣ ኤም6 እየተባለ በደርዘን የሚቆጠር ቅርንጫፍ አለው፤ አብዛኛው ደግሞ ከደቡብ እስያ ውጭ አይገኝም። ኤም2 ከእነዚህ እጅግ ካረጁት አንዷ ስትሆን በደቡብ ህንድና በጫካና በተራራ በሚኖሩት ጎሳዎች ዘንድ ትበዛለች። የካህናቱ መደብ ብራህሚኑም፣ አይነኬ ተብሎ ለዘመናት የተገፋውም፣ የጫካው ጎሳም በእናት በኩል ኤምን በብዛት ይጋራሉ። ካስት የሚባለው አጥር የተተከለው ሐረጉ ሥር ከሰደደ ከብዙ አሥር ሺህ ዓመታት በኋላ ነው።

ከህንድ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ስሙ ይለወጣል እንጂ ቤተሰቡ ያው ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ቢደናገር አይፈረድበትም። ፊደል ማደል የተጀመረው ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ነበር፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ለእነሱ ተሰጡ። ሲ እና ዲ የኤም ልጆች መሆናቸው የታወቀው ዘግይቶ ስለሆነ ልጆቹ ከእናታቸው በፊት ስም አወጡ። በጃፓን ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ዲ4 ነው። ኤም7ኤ የተባለችው በኦኪናዋ ደሴቶች ትጎላለች፤ ኤም9ኤ በቲቤት ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኢ ከፊሊፒንስ እስከ ኢንዶኔዢያ በደሴቶቹ ተበትናለች። ኪው በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ኤም42 በአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች ዘንድ አሉ። ሲ እና ዲ ደግሞ በሳይቤሪያ አድርገው፣ ዛሬ ባሕር የዋጠውን የቤሪንግ ምድር አቋርጠው አሜሪካ ገብተዋል።

ልጆቹን ከሁሉ ያስገረማቸው የአንዳማን ደሴቶች ነገር ነው። በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ናቸው። ከደሴቶቹ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው ኦንጌ ዛሬ ከመቶ ሰው ብዙም አይበልጥም። መልካቸው ጠቆር፣ ጸጉራቸው ከርደድ ያለ በመሆኑ ብዙዎች በቅርብ ዘመን ከአፍሪካ የመጡ ይመስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የእናት ሐረጋቸው ኤም31 እና ኤም32 መሆኑን አሳየ፤ ጥንታዊ የእስያ ቅርንጫፎች ናቸው። በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ኦራንግ አስሊ ከሚባሉት የማሌዢያ ቀደምት ሕዝቦች ኤም21 እና ኤም22ን አግኝቶ፣ ከአፍሪካ የወጣው ሕዝብ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ በፍጥነት እስከ አውስትራሊያ ደርሷል የሚል መደምደሚያ ሰጠ። ያ የባሕር ዳርቻ አሁን ከውኃ በታች ነው፤ በበረዶው ዘመን ባሕሩ ከዛሬው በእጅጉ ዝቅ ያለ ነበር። የእግራቸውን ዱካ ቆፍሮ ማግኘት አስቸጋሪ የሆነው አንድም በዚህ ነው።

ወደ ምዕራብ ስንመለስ ግን እንግዳ ነገር አለ። ከፓኪስታን ወደ ኢራን፣ ከኢራን ወደ ዓረብ አገራት ሲኬድ ኤም እየሳሳች ትሄድና ልትጠፋ ትቃረባለች፤ ቦታውን የኤን ልጆች ይይዙታል። ከዚያ ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደገና ብቅ ትላለች፤ ከአምስት ሰው አንዱን የሚጠጋ ድርሻ አላት። በሁለቱ ጫፍ አለች፣ መሐሉ ባዶ ነው። እነ ኪንታና ሙርሲ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን አይቶ፣ ኤም በምሥራቅ አፍሪካ ተወልዳ በባሕሩ ዳርቻ ወደ እስያ የሄደች ናት አለ። የእናንተ ቀስት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በጊዜው ጥሩ ግምት ነበር። ችግሩ፣ ያን ጊዜ የሚነበበው ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ ብቻ መሆኑ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በብዛት መነበብ ሲጀምር፣ የኢትዮጵያዋ ኤም አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ሆና ተገኘች፤ ኤም1። ከህንዶቹ ኤሞች ጋር ከአራቱ የጋራ ለውጦች በቀር የሚያዛምዳት ነገር አልተገኘም። ህንድ ውስጥም ኤም1 የለችም ማለት ይቻላል።

ቡናን አስቡት። የዓለም ዓረቢካ ቡና አብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ ስለሆነ እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ ከፋና ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ያለው ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ቤቱ እዚህ ነዋ። በኤም ጉዳይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይነቱ የበዛው ህንድ ውስጥ ነው፣ እኛ ያለን አንድ ነጠላ ዘለላ።

ዓይነት የበዛበት ቦታ ምንጩ ነው የሚለው መርህ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ለተማሪዎቼም አልደበቅኩም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ የገብሳችንን ብዛትና ዓይነት አይቶ ተደነቀ፤ ገብስ ከተገኘባቸው ምንጮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት ብሎም መዘገበ። በኋላ በተካሄዱ ቁፋሮዎች የገብስ እርሻ ጥንታዊ ማስረጃ የተገኘው ግን በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በዓይነት ብዛት ብቻ አይፈረድም። የኤም1ን ነገር የሚያጠናክረው ሌላ ምስክር መኖሩ ነው።

ያ ምስክር ዩ6 የተባለው ሐረግ ነው። ዩ6 ዛሬ በሰሜን አፍሪካ ይበዛል፤ የእናቱ የዩ ቤተሰብ ግን ያለጥርጥር የአፍሪካ ሳይሆን የዩራሲያ ነው። ሩማኒያ ውስጥ ከዋሻ የተገኘች የ35 ሺህ ዓመት ሴት የዩ6ን ሥር ይዛ ተገኝታለች። በጣሊያን የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ እነ አና ኦሊቪዬሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤም1 እና ዩ6 ከ40 እስከ 45 ሺህ ዓመት በፊት ከደቡብ ምዕራብ እስያ ተነስተው አብረው ወደ አፍሪካ እንደተመለሱ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት የሁለቱ ታሪክ አንድ አይደለም ብሎ አፋታቸው፤ የፍቺው ክርክር ዛሬም አለ። ያም ሆኖ ሞሮኮ ውስጥ ታፎራልት ከተባለ ዋሻ የተገኙ ሰባት የ15 ሺህ ዓመት ገደማ አጽሞች ሲመረመሩ ስድስቱ ዩ6፣ አንዱ ኤም1 ሆነው ተገኝተዋል። ኤም በምዕራብ ጨርሳ አልነበረችም የሚለውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ፈርሷል፤ ከ30 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቤልጂየምና በፈረንሳይ ከኖሩ ሰዎች አጥንት ኤም ተገኝታለች። ከበረዶው ዘመን በኋላ ከዚያ ጠፋች። ስለዚህ «መሐሉ ባዶ ነው» ስንል ዛሬ ባዶ ነው ማለታችን እንጂ ድሮም ባዶ ነበር ማለታችን አይደለም። አንዲት የኤም ዘለላ በዚያ በኩል ወደ እኛ መምጣቷ ከዚህ በኋላ ብዙም አያስደንቅም። ቅርብ እህቶቿ ኤም20 እና ኤም51 በደቡብ ምሥራቅ እስያ መገኘታቸው ግን እኔን አሁንም ያስደንቀኛል፤ እርግጥ ዝምድናቸው በ14110ኛው ፊደል ላይ ባለች በአንዲት ለውጥ ላይ የቆመ ነው።

በጽሑፋችሁ መጨረሻ ስለ ማሊክ አምባርና ህንድ ውስጥ ስላሉት ሲዲዎች (የአፍሪካ ዘር ስላላቸው ሕዝቦች) ያነሳችሁት ደግሞ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ማሊክ አምባር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሸጦ፣ ህንድ ውስጥ ጦር የመራ ትልቅ ሰው ነው። ከእንዲህ ዓይነት ተሻጋሪዎች ጋር የሄደው የአፍሪካ እናት ሐረግ ግን ኤል ነው (ኤምና ኤን ሳይቆጠሩ፣ ኤል3ን ጨምሮ የአፍሪካ ሐረጎች የሚጠሩበት ስም)፤ በሲዲዎች ደም የተገኘውም እሱ ነው። የሲዲዎች አፍሪካዊ ዘር በአብዛኛው የሚቀርበው ደግሞ ለባንቱ ተናጋሪ ሕዝቦች ነው። አምስት መቶ ዓመትን ከአምሳ ሺህ ዓመት ጋር በአንድ አንቀጽ መቀላቀል አንባቢን ያሳስታል።

ኩራት ከተፈለገ ኤል3 አለችልን። በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው የእናት ሐረጉ የኤል3 ቅርንጫፍ ነው፤ የህንዷም፣ የጃፓኗም፣ የአንዳማኗም እናት ከዚያው ግንድ ትመዘዛለች። ያ ተማሪዬ ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ እኔ ኤል ነኝ ወይስ ኤም?» አለ። ሁለቱም በአማራውም፣ በትግራዩም፣ በኦሮሞውም እንደሚገኙ ነገርኩትና አንድ ሒሳብ ሰጠሁት፦ አሥር ትውልድ ወደኋላ ብትቆጥር ስንት ወላጅ አለህ? 1,024 ብሎ መጣ። ሚቶኮንድሪያው ከ1,024ቱ የሚነግረው ስለ አንዷ ነው።

የምጠይቃችሁ እርማት ሁለት ነው። ከባብ ኤል መንደብ የሚነሳው ቀስት ላይ የተጻፈው «ኤም» ይሰረዝና «ኤል3» ይባል፤ ኤም የሚለው ስም ቀስቱ እስያ ከገባ በኋላ ይጀምር። ሁለተኛ፣ ከደቡብ ምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የሚመለስ ቀጭን ቀስት ይጨመርና «ኤም1» ይጻፍበት፤ ክርክር ያልተቋጨበት ስለሆነ በነጠብጣብ ቢሳል ይሻላል። ካርታውን ዳግም ስታትሙ አርባ ስምንት ቅጂ ለክፍሌ እፈልጋለሁ፤ የፖስታውን እኔ እችላለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣
ከደሴ