ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ ኳድኮፕተራችሁን (ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን) ልትገጣጥሙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

ብዙ ሰው ከሞተር ይጀምራል። እኔ ከፕሮፔለሩ መጠን ጀምሩ ባይ ነኝ። 5 ኢንች ፕሮፔለር ከመረጣችሁ የፍሬሙ መጠን ይታወቃል፤ ሞተሩም 2207 ወይም 2306 አካባቢ ይሆናል (ቁጥሩ የሞተሩ የውስጥ ክፍል፣ የስቴተሩ፣ ስፋትና ቁመት በሚሊ ሜትር ነው)።

ዋናው ጣጣ ያለው ኬቪ እና ባትሪ ላይ ነው። ኬቪ ማለት ሞተሩ ምንም ሳይጫንበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ባለ 4 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሙሉ ሲሞላ 16.8 ቮልት ነው፤ 2400 ኬቪ ሞተር ይስማማዋል። ያንኑ ሞተር 25.2 ቮልት ካለው ባለ 6 ሴል ጋር ብታገናኙት ግን ስሌቱ በደቂቃ ከ60 ሺህ ዙር ያልፋል። ሞተሩ ይግላል፤ ኢኤስሲውም (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰርኪት) ሊቃጠል ይችላል። ለ6 ሴል ከ1700 እስከ 1950 ኬቪ ፈልጉ።

ኢኤስሲ ላይ አትሰስቱ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት የሚስበውን አምፔር ከአምራቹ ሰንጠረዥ እዩና ከዚያ ከፍ ያለ ግዙ። ስንት ሴል እንደሚችልም አረጋግጡ።

የብሎን ቀዳዳ ነገር ቀላል ይመስላል። ፍላይት ኮንትሮለሩ (በረራውን የሚቆጣጠረው ቦርድ) 30.5 በ30.5 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬሙ ደግሞ 20 በ20 ብቻ ከሆነ ግን አይገጥምም፣ አለቀ። ሪሲቨሩና ሪሞቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ኢኤልአርኤስ (የሬዲዮ መገናኛ ሥርዓት ነው) ከሆነ ሌላውም እንደዚያው።

በመንገደኛ የምታስመጡ ደግሞ፣ ትርፍ ሊፖ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ለሚያመጣላችሁ ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።

የዕቃ ዝርዝራችሁን ላኩ፤ አብረን እናየዋለን።