ጉዳዩ፦ ከውጭ የሚታዩ የራውተርና የካሜራ መግቢያ ገጾችን ስለመፈተሽ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

በቅርቡ ቴክኒሻናችን ደውሎ ፐብሊክ አይፒ አድራሻችሁን (ቢሯችሁ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ለመፈተሽ ፈቃድ ይጠይቃችኋል። ከመደወሉ በፊት ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ወደድን።

ራውተር፣ ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ፋየርዎልና የካሜራ መቅጃ ሁሉ ሴቲንጋቸው የሚስተካከልበት መግቢያ አላቸው። ይህ መግቢያ መታየት ያለበት ከቢሯችሁ ውስጥ ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ግን ከውጭም ይከፈታል። አንዳንዴ የተከለው ባለሙያ ከቤቱ ሆኖ ለመቆጣጠር ከፍቶት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ባለቤቱ ካሜራውን በስልኩ እንዲያይ ፖርት (በቁጥር የሚለይ የኔትወርክ በር) ይከፈትለትና በዚያው ይረሳል።

“ፓስወርዳችን ጠንካራ ነው፣ ምን ያሰጋናል?” የምትሉን ብዙ ናችሁ። ለዚህ የምንጠቅሰው የማይክሮቲክን ጉዳይ ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት ይህንኑ ራውተር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 ዊንቦክስ በተባለው ማስተዳደሪያ፣ ማለትም በፖርት 8291 በኩል፣ ከባድ ክፍተት ተገኘ። አጥቂው ፓስወርድ መገመት አላስፈለገውም፤ ሎግኢን ሳያደርግ የተጠቃሚዎችን ስምና ፓስወርድ የያዘውን ፋይል ከራውተሩ ያወጣ ነበር። ረጅሙም አጭሩም ፓስወርድ እኩል ተነበበ። አምራቹ የላትቪያ ኩባንያ ማስተካከያውን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ቢያወጣም፣ ከወራት በኋላ በብራዚል በርካታ ያልታደሱ ራውተሮች በአጥቂዎች እጅ ገብተው፣ ሰዎች በሚከፍቷቸው ድረ ገጾች ላይ የክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ማምረቻ ኮድ ያስገቡ ጀመር። ሶፍትዌሩን አድሰው ፓስወርዱን ሳይቀይሩ የተዉትም አልዳኑም፤ ቀድሞ የተሰረቀው ፓስወርድ ከእድሳቱም በኋላ ይሠራ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦክቶበር ደግሞ የሲስኮ መሣሪያዎች ተራ ደረሰ፦ አይኦኤስ ኤክስኢ የተባለው የሲስኮ ሶፍትዌር ማስተዳደሪያ ዌብ ገጽ ከኢንተርኔት ለሚመጣ ሰው ያለ ፓስወርድ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት አስፈጠረ። ስለዚህ ዕቃው ውድ መሆኑ አያድንም። የሚያድነው ገጹ ከውጭ አለመታየቱ ነው።

“የእኛን ትንሽ ክሊኒክ ማን ይፈልጋል?” ለምትሉም፣ ለይቶ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም፤ ፕሮግራም ሁሉንም አድራሻ በተራ ይፈትሻል። ዚማፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ መላውን የአይፒቪ 4 (የተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) አድራሻ በአንድ ኮምፒውተር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈተሽ እንደሚቻል አሳይቷል። ፖርቱን ከ8291 ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወርም እምብዛም የማይረዳው ለዚህ ነው።

እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ከቢሯችሁ ውጭ ካለ መስመር በአድራሻችሁ ላይ የትኞቹ ፖርቶች እንደሚመልሱ እናያለን፤ የሚመልስ ካለ የገጹን ርዕስና ሰርቲፊኬቱን (የገጹን ዲጂታል መታወቂያ) አይተን የምን መሣሪያ እንደሆነ እንለያለን። እዚያ ላይ እናቆማለን፤ ፓስወርድ አንሞክርም። ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁም አንጀምርም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ሲስተም መግባትን በወንጀል ይቀጣል፣ እኛም ይህን አጥብቀን እናከብራለን። ክፍት ገጽ ካገኘን ከውጭ እንዘጋዋለን፣ ሶፍትዌሩን አድሰን ፓስወርዱን አብረን እንቀይራለን፤ ከቤት መቆጣጠር ለሚፈልግ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮ ኔትወርክ የሚያስገባ የተጠበቀ መስመር) እንሠራለን። ለፍተሻው ክፍያ የለም።

እስከዚያው ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ፐብሊክ አይፒያችሁን ብራውዘር ላይ ጻፉ። በቢሮው ዋይፋይ ከሞከራችሁት ገጹ ከውጭ ተዘግቶም ሊከፈትላችሁ ስለሚችል ያሳስታችኋል። የመግቢያ ገጽ ከመጣ በዚያው ቀን ደውሉልን። ካልመጣ ግን ነገሩ አልቋል አትበሉ፤ ዊንቦክስ በብራውዘር አይታይም።

ቴክኒሻናችን ሲደውል ፓስወርድ አይጠይቃችሁም። የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ እኛ አይደለንምና ስልኩን ዝጉና በምታውቁት የቢሯችን ቁጥር አሳውቁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኔትወርክ አገልግሎት ክፍል