ራጁን ተነሺ

ለእማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ ቁጥር ላይ ስትደርስ እንዳትዘል ንገሪያት።

ሐኪሙ ለሳልሽ ራጅ ተነሺ ቢልሽ «ጨረር ገብቶ ካንሰር ሊሆንብኝ» ብለሽ ተመለስሽ አሉኝ። ራጅ ክፍል የሚውል ልጅ እያለሽ ጎረቤት ማማከርሽ ትንሽ ከፍቶኛል፤ ይሁን።

ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከ300,000 በላይ የኑክሌር ሠራተኞችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ጨረርም በካንሰር የመሞትን ዕድል በመጠኑ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ግን ዋናው መጠኑ ነው። ከአፈሩም፣ ከሰማዩም፣ ከምንበላው እህልም ጨረር ይደርሰናል፤ የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ ሚሊሲቨርት ማለት የጨረር መስፈሪያ ነው። እኔ እንኳ መለኪያ አንጠልጥዬ የምሠራው ለሠራተኛ የተፈቀደው በዓመት በአማካይ 20 ስለሆነ ነው። የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም፤ ቤትሽ ተቀምጠሽ በሁለት ሳምንት ገደማ የምታገኚው ነው።

ደጋ ስለሆንን የሰማዩ ድርሻ ከቆላው ይበልጥብናል። ድንጋያችን ግን ይክሰናል፤ የጮቄ ተራራችን የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፣ ጥቁር ድንጋዩም እንደ ግራናይት ድንጋይ ዩራኒየም የሚባለው ጨረር አመንጪ አይበዛበትም። በሕንድ ኬራላ የባሕር ዳርቻ አሸዋው ቶሪየም የሚባል ሌላ ጨረር አመንጪ አለበት፤ የሰዉ ጨረር ከእኛ በብዙ ይበልጣል። እዚያ ወደ 70,000 ሰው ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትለው የካንሰር ጭማሪ አላገኙም። ጉዳት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም፤ ካለም ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የማጀትሽ መስኮት። ራዶን የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ አለ፤ በመሬት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ሲፈራርስ ይወጣል። ደጅ ላይ ይበተናል፣ በተዘጋ ቤት ግን ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሳንባ ካንሰር ከ3 እስከ 14 በመቶ የሚሆነው የእሱ ነው፤ ከሲጋራ ቀጥሎ የሚጠራው ምክንያትም እሱ ነው። አንቺ ደግሞ ብርድ ገባ ብለሽ መስኮቱን በማዳበሪያ ደፍነሽ፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ምጣድ ታሞቂያለሽ። ጭሱ ሳንባን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ የካንሰር ተመራማሪዎችም ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚሏቸው ነገሮች መድበውታል። ሳልሽን ሳስብ ከጨረሩ በፊት የሚመጣብኝ ይህ ጭስ ነው። ማዳበሪያውን ዛሬውኑ አንሺልኝ። ለጭስ ማውጫው ብር ልኬያለሁ፤ ለሌላ እንዳታውዪው!

ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ማን ይከለክልሻል፤ ግን ሳል ሲሰነብት ሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በመድኃኒት ይድናል። ከእህቴ ልጅ ጋር ደብረ ማርቆስ ሄዳችሁ ራጁን ተነሺ። ማተብሽን በጥሺ የሚልሽ የለም፤ የብር መስቀሉ ጥላ ስለሚጥል ብቻ ወደ አገጭሽ ከፍ አድርጊው። «ተንፍሺና ያዢ» ሲሉሽ አየር ሳቢና ዝም በይ። ፊልሙንም ሳትቀበሉ እንዳትወጡ፤ እሷ በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

ልጅሽ