ላፕቶፕሽ በርቷል

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል?

ከተደዋወልን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እናትሽ እማማ ያረፉ ጊዜ ደሴ ወርጄ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ፤ አልደረስኩም። ላንቺም አልደወልኩም። መጀመሪያ «ነገ እደውላለሁ» አልኩ። ሳምንት ሆነ። አርባቸው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እንደምጀምር አፍ አጣሁ። ይቅር በዪኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ዛሬ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ ያ ላፕቶፕሽ ነው። በ2010 ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትሄጂ የተውሽልኝ። እስካሁን የምሠራው በሱ ነው። የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 የማይክሮሶፍት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ «ጣይውና አዲስ ግዢ» የማይለኝ ሰው የለም። እኔ ግን አልጨከንኩበትም። ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እሱንም ለምጄው ነበር። ባለፈው ወር ግን ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ይህን ድምፅ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። በነጋታው በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ (አዲሱ ዓይነት ፈጣን ዲስክ) ገዛሁና ቅዳሜ ከሰዓት ራሴ ልቀይረው ተቀመጥኩ።

ብሎኖቹ እንዳይደባለቁብኝ ረጃጅሞቹን አንድ ሲኒ ውስጥ፣ አጫጭሮቹን ሌላ ሲኒ ውስጥ አደረግኩ። የታችኛውን ክዳን አነሳሁ። የባትሪውን ኬብል ነቀልኩ። ሃርድ ዲስኩ ጥግ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለነበር ትንሽ ታገልኩትና ወጣ። አዲሱን ከተትኩ፣ ባትሪውን መለስኩ፣ ክዳኑን ገጥሜ ቁልፉን ተጫንኩት።

ስክሪኑ ጥቁር። የመብራቱ ምልክት በርቷል፣ ፋኑ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም።

መቼም እንዴት እንደደነገጥኩ ልነግርሽ አልችልም። ለአንድ ጠጋኝ ደወልኩ። ገና ሳያየው «ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ ከፈለግሽ ለስፔር ፓርት ልግዛው» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመስጠት አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ። ወዲያው ግን አምስት ኪሎ ዶርም ውስጥ አልጋሽ ላይ እግርሽን አጣጥፈሽ ተቀምጠሽ፣ የልጆቹን ኮምፒውተር ስትጠግኚ የምትዪው ትዝ አለኝ። «መጀመሪያ የሚሠራውን ለዪ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሪና እዪ።»

እንዳልሽው አደረግኩ። ካፕስ ሎክን ነካሁት፤ መብራቱ በራ፣ ጠፋ። ስለዚህ ማሽኑ በሕይወት አለ። ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅዬ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩት። ለውጥ የለም። ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) አውጥቼ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ አሸሁና ቋ እስኪል መለስኩት። አሁንም ጥቁር።

ያኔ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። ኤስኤስዲው ብልሹ ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን አያጠቁርም። መጀመሪያ የሚመጣው የኩባንያው አርማ ከዲስክ የሚነበብ አይደለም፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ በራሱ ቺፕ ውስጥ ነው። ጭራሽ ዲስክ ባይኖርም አርማው መታየት፣ ቀጥሎ «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ መምጣት አለበት። ስለዚህ ኤስኤስዲውንም አወጣሁትና ባዶውን ላፕቶፕ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኘሁት። አርማው ቴሌቪዥኑ ላይ ቦግ አለ! ጽሑፉም ተከተለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ማዘርቦርዱ ደህና ነው፣ ግራፊክሱም ደህና ነው። ችግሩ ከማዘርቦርዱ እስከ ስክሪኑ ባለችው በዚያች አንድ ስንዝር መንገድ ላይ ነው።

መብራቱን አጥፍቼ የስልኬን መብራት ስክሪኑ ላይ ጋደም አድርጌ አበራሁበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ቢታየኝ ኖሮ ምስሉ ደርሶ የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የጠፋው እል ነበር። ምንም የለም። ምስሉ ራሱ አልደረሰም ማለት ነው። ኬብሉ ይሆን?

እንደገና ከፈትኩት። ከማጠፊያው ሥር የስክሪኑ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ አለ። ጣት የማታክል ጠፍጣፋ ሶኬት ነች፤ በላይዋ ፕላስተር ተለጥፎባታል። የፕላስተሩ አንድ ጠርዝ ተነስቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ ሶኬቷ በግራ በኩል የጥፍር ውፍረት ያህል ወጣ ብላለች። ሃርድ ዲስኩን ስታገለው ኬብሉን አብሬ ስቤዋለሁ ማለት ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

ወዲያው ልገፋት እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ባትሪው አልተነቀለም ነበራ። በዚያ ኬብል የስክሪኑ የኋላ መብራት ኃይል ጭምር ያልፍበታል፤ ባትሪው እንደተሰካ ብነካካው ሾርት አድርጎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ፊውዝ ሊያቃጥላት ይችላል። ያኔ የጠጋኙ ቃል እውነት ይሆን ነበር። ባትሪውን ነቀልኩ። ካቻቢቴውን ትቼ በሁለት አውራ ጣቶቼ ግራና ቀኙን እኩል ገፋኋት። ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩ።

በራ። ያ የምናውቀው አርማ መጣ።

ከኤስኤስዲው በላይ ግን ልነግርሽ የፈለግኩት ስለ አሮጌው ዲስክ ነው። በዩኤስቢ ማገናኛ ሰክቼ ውስጡ ያለውን ሳልውል ሳላድር መገልበጥ ጀመርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ እያለ ሠራ። ወደ ንጋት ላይ ስምሽ ያለበት ፎልደር ተከፈተ። የ2007ቱ ምርቃታችን ነው። እማማ በነጭ ቀሚስ፣ ከደሴ ድረስ ይዘውት የመጡት ድፎ ዳቦ እግራቸው ሥር። ቀጥሎ አንድ ቪዲዮ አለ፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ሁለታችንን አንበርክከው ሲመርቁን ነው። አንቺ «አሜን» ስትዪ ድምፅሽ ይቆራረጣል። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀጥላሉ።

ስልክሽ የጠፋ ጊዜ የሳቸውን ድምፅ አጣሁ ብለሽ ማልቀስሽን ሰምቻለሁ። ያን ላፕቶፕ ለስፔር ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ልቤ ይመታል።

ቪዲዮውን ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ኤስኤስዲው ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ስልኬም ላይ አለ። ጥራቱ እንዳይቀንስ በቴሌግራም እንደ ፋይል ልልክልሽ እችላለሁ። ግን ሥራ ቦታ ሆነሽ ድንገት እንዲደርስሽ አልፈለግኩም። እቤት ሆነሽ የምታዪበትን ቀን ንገሪኝና ያን ዕለት እልካለሁ። ከፈለግሽ ደውዪልኝና አብረን እንየው።

የአምስት ኪሎዋ እህትሽ
አዲስ አበባ