በሃሎዊን ማታ በራችሁን አትዝጉባቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

ጥቅምት ሲመጣ አሜሪካ ልጅ በምናሳድግ ሐበሾች መካከል የማይቀር ክርክር አለ። ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት አስተያየትም ይህንኑ አንስቶ፣ ልጆች የተለያየ ነገር መስለው ለብሰው ቤት ለቤት ከረሜላ የሚሰበስቡበት ሃሎዊን የአጋንንት በዓል ስለሆነ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከቤት እንዳይወጡ ይመክራል። የጸሐፊው ስጋት ከልብ የመጣ መሆኑ ይገባኛል። በየአጥሩ የሚሰቀለው አፅምና በደም የተለወሰው ጭንብል ለሕፃን ዓይን አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ቤት ሳይ እኔም ልጆቼን ወደ ማዶ አሻግሬ ነው የማሳልፋቸው። ነገር ግን የሦስትና የስድስት ዓመት ልጆች እናት እንደመሆኔ፣ ኦክቶበር 31 ማታ መብራት አጥፍቶ መጋረጃ ዘግቶ መቀመጡን አልቀበለውም። አስፈሪውን ትቶ ለትንንሽ ልጆች የሚሆነውን መውሰድ ይቻላል።

የበዓሉ ሥር በአየርላንድና በስኮትላንድ ኬልቶች የሚባሉ ሕዝቦች አዝመራ ሰብስበው ብርዱን ወራት የሚቀበሉበት ጥንታዊ በዓል ነው። ኋላ ላይ የሮም ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ስታከብር ይህ ምሽት ዋዜማው ሆነ። ወደ አሜሪካ ያመጡት ደግሞ ስደተኞች ናቸው። በ1840ዎቹ ረሃብ አገራቸውን ጥለው የወጡ አየርላንዳውያን እዚያ ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር እየቦረቦሩ መብራት ያደርጉበት ነበር፤ እዚህ ሲደርሱ ትልቁን ዱባ አገኙ። ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ መሰብሰባቸው ከ1930ዎቹ ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆን ቀዝቅዞ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ደመቀ።

ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ እየጨፈረ፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እየዘፈነች ያደገ ሰው የጎረቤት በር ማንኳኳት ለልጅ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ሙልሙሉና ሳንቲሙ ብቻ አልነበረም ደስታው፤ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ወጥተው ያዩናል፣ የማን ልጅ እንደሆንን ይጠይቃሉ፣ ይመርቁናል። እዚህ ግን ግድግዳ ተጋርተን ዓመት ሙሉ ሰላም ሳንባባል እንኖራለን። ልጆቻችን ያለ ቀጠሮ በር የሚያንኳኩበት ሌላ ቀን የላቸውም።

አምና ታላቋ ልጄ ንብ ሆና ወጣች፤ ቢጫና ጥቁር ሹራብ፣ ከሽቦ የተሠራ ክንፍ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሮጊት በሩን ሲከፍቱ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። ሴትዮዋ አልቸኮሉም። ጎንበስ ብለው ሳህኑን ዝቅ አደረጉላትና ንቦች የትኛውን እንደሚወዱ ጠየቋት። አንዱን አነሳች፣ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አመሰገነች፣ ስሟንም ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ውሻቸውን ይዘው ሲወጡ በስሟ ይጠሯታል፤ እሷም ሮጣ ትሄዳለች። ይህን በብዙ ምክር ላስተምራት አልችልም ነበር።

ለትንንሾች ቀን ሳለ መውጣት ነው የሚሻለው። ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ስለሆነ፣ ዋሽንግተን አካባቢ በሃሎዊን ዕለት ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 6 ካለፈ በኋላ ነው። 5 ላይ ወጥቶ ጥቂት ቤት አንኳኩቶ መመለስ ይበቃል። ጭንብል አያስፈልግም፤ ልጁን ከማየት ይከለክለዋል፣ ትንንሾቹን ያስፈራል። ልብሱን ልጁ ራሱ ይምረጥ። የሐበሻ ቀሚስ ግን አላለብስም፤ እሱ የበዓል ልብሳችን እንጂ ሌላ ሰው መስለን የምንታይበት አይደለም።

የተመረዘ ከረሜላ ወሬም በየዓመቱ ወላጆችን ያስጨንቃል። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ከ1958 ጀምሮ ያሉትን ዘገባዎች መርምረው፣ በዚያ ምሽት ከማያውቀው ሰው በተቀበለው የተመረዘ ከረሜላ የሞተ ልጅ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኙም። የሚያስፈራው መኪና ነው። በ2019 የወጣ ጥናት የ42 ዓመት መረጃ አገላብጦ፣ በሃሎዊን ማታ እግረኞች በመኪና ተገጭተው የመሞት አደጋ ከሌላው ምሽት በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ እጃቸውን ያዙ፤ የሚያብረቀርቅ ቴፕ ልብሳቸው ላይ ለጥፉ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ለውዝና ደረቅ ከረሜላ አትስጡ፤ ያንቃል። ብዙው ለስላሳ ከረሜላ ከአሳማ የተሠራ ጀላቲን አለው፤ ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ወላጅ ማሸጊያውን ማንበብ ግድ ነው። ጽጌን የሚጾም ቤት የወተት ቸኮሌቱን ከኅዳር 5 በኋላ ላለው ቀን ያስቀምጣል።

የልጆቼ ትልቁ ደስታ ግን ቦርቡረን መብራት ከምናደርገው ዱባ ነው። ቢላዋው የእኔ ነው፤ እነሱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ፍሬውን ይዝቃሉ፣ ትንሹ እየጮኸ ጣቱን ያሸታል። ፍሬውን አጥበን፣ ጨው ነስንሰን ኦቭን ውስጥ እንቆላዋለን። ለመቅረጫ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውኃ ስለሚበዛው ለወጥ አይሆንም፤ ከጎኑ የሚሸጠው ትንሹ ግን ግሩም የጾም ዱባ ወጥ ይወጣዋል። ውስጡ የምናበራው በባትሪ የሚሠራ መብራት እንጂ ሻማ አይደለም።

አንድ ልመና ደግሞ ትንሽ ልጅ ለሌላችሁ ወገኖቼ አለኝ። በዚህ አገር ልማድ የበረንዳው መብራት ከጠፋ ልጅ አያንኳኳም። እባካችሁ አብሩት። አፓርታማ ለምትኖሩ በራችሁ ላይ ወረቀት ብትለጥፉ ይበቃል። አንድ ከረጢት ከረሜላ ግዙ፤ አለርጂ ላለባቸው ልጆች እርሳስ ወይም ስቲከር ጨምሩበት። ብዙ ሰው ይህን ለማሳወቅ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ ደጁ ላይ ያስቀምጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ